«ሲስተም የለም» በቂ መልስ አይደለም

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ማግኘት ይከብዳል። ሳሪስም ይሁን ጀሞ፣ ባለጉዳይ ይህን ሲባል ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። ድረ ገጽ አልሠራ የሚልበት ምክንያት ግን አንድ ብቻ አይደለም። ሰርቨር ለደረሰው ጥያቄ ባለሦስት አኃዝ ኮድ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው አኃዝም የመልሱን ዓይነት ይለያል። በ2 የሚጀምር ከሆነ ጥያቄው ተሳክቷል፤ በ3 ከሆነ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራል፤ በ4 ከሆነ ችግሩ ከጥያቄው ነው፤ በ5 ከሆነ ከሰርቨሩ ነው። ሕዝብ የሚገለገልባቸው ድረ ገጾች እነዚህን ኮዶች በትክክል የመመለስና ትርጉማቸውን ተገልጋዩ በሚረዳው ቋንቋ የመግለጽ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነዋል። ይህን የሚያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ገብቶ ሰርቨሩ ቢጨናነቅ ትክክለኛው መልስ 503 ነው፤ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል ማለት ነው። ከስንት ደቂቃ በኋላ ደግሞ መሞከር እንደሚሻልም አብሮ መግለጽ ይቻላል። 404 ደግሞ የተጠየቀው ገጽ በዚያ አድራሻ አልተገኘም ማለት ነው። በ503 ፋንታ 404 የመጣለት ተማሪ ውጤቴ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ በ404 ፋንታ 503 የመጣለት ደግሞ የተሳሳተ አድራሻ ይዞ ሲሞክር ያድራል። ከሁሉ የሚከፋው ገጹ ላይ «አልተገኘም» ተጽፎ ሰርቨሩ 200 ሲመልስ ነው፤ ኮዱን ብቻ የሚከታተሉ የቁጥጥር ፕሮግራሞች ሁሉም ደህና ነው ብለው ስለሚመዘግቡ ባለሙያው ብልሽቱን ላያውቀው ይችላል። ጥያቄው ጭራሽ ሰርቨሩ ዘንድ ካልደረሰ ደግሞ ከሰርቨሩ የሚመጣ ኮድ የለም። በ2009 ዓ.ም. የፈተና ስርቆት እንዳይደገም ተብሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ የሆነው ይህ ነው። በአንጻሩ 500 የመጣለት ሰው ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷልና ቴሌን ለመውቀስ ምክንያት የለውም።

ተራው ተገልጋይ ቁጥር ምን ያደርግለታል የሚሉ ይኖራሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃውም፤ «ገጹ አልተገኘም፣ አድራሻውን ያረጋግጡ» ወይም «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል አንድ መስመር ከጎኑ ሲኖር ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሌሎች ደግሞ ኮድ ማሳየት ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል ይላሉ። በር የሚከፍተው የዳታቤዝ ስምና የፕሮግራም ዝርዝር ገጹ ላይ መዘርገፉ እንጂ 500 የሚል ቁጥር አይደለም። እነዚህን ኮዶች የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ዓለም አቀፍ የኤችቲቲፒ መስፈርትም ሚስጥራዊ ገጽ መኖሩን ለመደበቅ ሲፈለግ በ403፣ ማለትም በክልከላ ኮድ ፋንታ፣ 404 መመለስን ይፈቅዳል። ችግራችን የአቅም ነው፣ ኮድ ሰርቨር አይጨምርም የሚለው ክርክር ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ችግሩ ሳይታወቅ የሚገዛ መፍትሔ ገንዘብ ያባክናል። 504 የሚያመለክተው መካከለኛው ሰርቨር ከኋላው ካለው ሥርዓት በጊዜው መልስ አለማግኘቱን ነው፤ ከኋላ የዘገየው ዳታቤዝ ከሆነ የኢንተርኔት ፍጥነት መጨመር አይፈታውም።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጽድቆ አገልግሎቶችን ወደ ኢንተርኔት ማሸጋገር ከያዘ ወዲህ የዜጋው ጉዳይ በሰርቨር መልስ ላይ የተመሠረተ እየሆነ ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ትክክለኛ ኮድና ግልጽ ማብራሪያን የርክክብ መስፈርት ያድርጉ፤ ተገልጋዩም «ሲስተም የለም» ሲባል ችግሩ ከማን በኩል እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱን ማወቅ መብቱ ነው።