ከሮማ ከተማ ለአያት የተጻፈ ደብዳቤ

ልጆቻችንን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በምንሸኝበት ጊዜ ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ነው። በእኛ ቤት ግን ጭንቀቱ ሌላ ነበረ። የእኅቴ ልጅ በተማሪዎች ልውውጥ ለስድስት ወር ወደ ሮማ እንድትሄድ በተመረጠች ጊዜ፣ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የሚኖሩት የ88 ዓመት እናታችን ወሬውን ሰምተው ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ከዓለም ሁሉ ሮማ ብቻ ቀረችን?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አባታቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጡ አልተመለሱም። የፋሺስት ወታደሮች ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ በጥይትና በእሳት ሲፈጁ እናታችን ገና በማኅፀን ነበሩ፤ ስለዚህ አባታቸውን የሚያውቋቸው በስም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ልጅቱን አልከለከሏትም። «እንግዲያስ ሂጂ፤ ነገር ግን ያየሽውን ሳትደብቂ በወረቀት ጻፊልኝ፤ በስልክ የሚላክ ሥዕል አልፈልግም» ብለው መርቀው ሸኟት።

ደብዳቤው ባለፈው ወር ደረሰን። ትምህርት በሌለበት በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ የሮማ ተወላጅ ከሆነች የክፍል ጓደኛዋ ጋራ ከተማውን በእግር ስለ መጐብኘቷ የሚናገር ነው። የእናታችን ዓይን ስለ ደከመ እኔ አነበብኹላቸው።

ጉብኝታቸውን የዠመሩት ከትልቁ የባቡር ጣቢያ ነው። በጣቢያው ፊት ያለው ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ጓደኛዪቱ ዕለት ዕለት ከአውቶቡስ የምትወርደው በዚያ ሲሆን፣ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ብትጠየቅ «እኔም ጠይቄ አላውቅ» አለች። ጥቂት ራመድ ብለው ከአንድ አትክልት ቦታ አጠገብ ሐውልቱን አገኙት። ከላዩ የግብፅ ጥንታዊ ድንጋይ ቆሟል፤ ከታቹ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። «እማማ፣» ትላለች ልጅቱ፣ «ጓደኛዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ድምፅዋን አሰምታ ስታነብ እኔ ለመኵራት ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ንባቡ አላልቅ ሲል ኵራቱ ቀረና ዝም ብዬ አዳመጥኹ።»

በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተተከለው በዚሁ ሥፍራ ነበረ። ዘርዓይ ደረስም በ1938 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያንን አንበሳ ተማርኮ ባየ ጊዜ ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ነው። ጓደኛዪቱ ይህን ከልጅቱ አፍ መስማቷ ነው። እናታችን እዚህ ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ተቈጣች እንዴ?» አሉኝ። አልተቈጣችም፤ «በትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በግማሽ ገጽ አለፍነው» ብቻ ነው ያለችው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በለገሃር መቆሙን ስትሰማም ደስ ብሏታል።

በኰሎሴዮ በኩል ሲያልፉ የተሰለፈው ሰው ብዛት አስፈርቷቸው አልገቡም። ያመሩት ወደ ፖርታ ካፔና ነው። በ1937 ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት፣ 24 ሜትር ያህል ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆመው በዚህ ነው። ኢጣልያ በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ ግን በ2002 መብረቅ እስኪመታው ድረስ ከዚያው ነበረ። በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። በቦታው ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ሕንፃ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ነው። «ባዶ ቦታ ለማየት ይህን ያህል መንገድ በእግሩ የመጣ ጐብኚ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም» ብላ ጽፋለች።

በዚያ ተቀምጠው ዳቦ ሲበሉ ጓደኛዪቱ በተራዋ ጠየቀች፤ «የአንቺስ ሠፈር ድልድይ በማን ስም ተጠራ?» ልጅቱ «በአንድ ፊታውራሪ» ከማለት በቀር የምትጨምረው ቃል አጣች። «አፈርኹ፤ እባክዎ እማማ፣ ማን እንደ ነበሩ ያጽፉልኝ» ትላለች። እናታችን እጅግ ተቈጡ፤ ቍጣቸው ግን በእርሷ ላይ ሳይሆን በእኔና በእኅቴ ላይ ነበረ። እውነታቸውን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ድልድይ ወደ ትምህርት ቤት ስናመላልሳት «መኪና ተጠንቀቂ» ከማለት በቀር የነገርናት የለም። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት አድገው፣ በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮችን መዠመሪያ በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ከዚያ ሹመት አልወረዱም። እናታችን እየነገሩኝ ይህን ሁሉ በመልሱ ጻፍኹት።

በመጨረሻ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጕልላት 551 ደረጃ ወጡ። ከላይ ሆነው ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተመለከቱ፤ ይኸውም የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በማተሚያ ያሳተሙት በዚያ በተቀመጡበት ዘመን ነው። አባ ጎርጎርዮስም በ1649 ከሉዶልፍ ጋራ የተገናኙት በሮማ ነው፤ ሉዶልፍ በኋላ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እስኪያወጣ ያደረሰው ከእርሳቸው የተማረው ትምህርት ነበር።

እናታችን ይህን ክፍል ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ከዚያም «ለእኛ ሰው ማደሪያ ሰጥተውም ኖረዋል ለካ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የደብዳቤው የመጨረሻ መሥመር ጓደኛዪቱ በመጪው ዕረፍት አዲስ አበባን ለማየት እንደምትፈልግ ይናገራል። እኔ ፒያሳን ላሳያት አስቤ ነበር፤ ስሙ ከቋንቋዋ የተወሰደ ነውና፤ ምንም እንኳ ከቀድሞዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርሱ። እናታችን ግን ሌላ ሥርዓት አወጡ። «መዠመሪያ ስድስት ኪሎ፣ ከሰማዕታቱ ሐውልት ዘንድ ውሰዷት። ከዚያ በጊዮርጊስ በኩል አድርጋችሁ፣ ድልድዩን አሻግራችሁ ወደ እኔ አምጧት። ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አሉ። እኔ እንግዳ ቡና ሳይጠጣ ወደ ሐውልት አይወሰድም ብዬ ተከራከርኹ፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።