ገንዘቡም ስሙም አደራ ነው

ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ በየክርስቲያኑ ቤት ከሚታሰቡት ጉዳዮች አንዱ ምጽዋት ነው። አባቶቻችን ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ለይተው አላስተማሩንም። በመሆኑም 55ቱን ቀናት የጾመ ምእመን በበዓሉ ዋዜማ የጎረቤቱን ሌማት ያስባል፤ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ለሕሙማን መርጃ የአቅሙን ይልካል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ይህንኑ ወቅት ጠብቀው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በድረ ገጽ ጥሪያቸውን ያሰማሉ።

ስለ ሰጪው ግዴታ በዐውደ ምሕረት ብዙ ተሰብኳል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ተቀባዩ ግዴታ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ተቀባይ የምንለው ችግረኛውን ሳይሆን፣ በሰጪውና በችግረኛው መካከል ቆሞ በችግረኛው ስም ገንዘብ የሚሰበስበውን ተቋም ነው። ይህ ተቋም ሁለት አደራ ይቀበላል። አንደኛው ገንዘቡ ነው። ሁለተኛው የሰጪውና የተረጂው ስም፣ መልክና ምስጢር ነው። ሁለቱም አደራዎች በመልካም ፈቃድ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈና ለሁሉም በሚታይ ደንብ ሊጠበቁ ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው።

በሰሙነ ሕማማት ከምናስባቸው የወንጌል ታሪኮች መካከል ሦስቱ ስለ ገንዘብ የሚናገሩ መሆናቸውን ልብ ያለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው በቤተ መቅደስ መዝገብ ሁለት ሳንቲም የጣለችው የድሀዋ መበለት ታሪክ ነው። ጌታ የስጦታዋን ታላቅነት የመሰከረላት በገንዘቡ ብዛት አልነበረም። ሁለተኛው በቢታንያ የሆነው ነው። ማርያም የከበረውን ሽቱ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ተሸጦ ለድሆች በተሰጠ ነበር ብሎ የተቆረቆረው ይሁዳ ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሚነግረን ግን ሰውየው ከረጢቱን ይይዝ ነበር እንጂ ለድሆች አላዘነም፤ ከሚገባው ገንዘብም ይወስድ ነበር። ሦስተኛው ስለ 30ው ብር ነው። ይሁዳ ተጸጽቶ ብሩን በመለሰ ጊዜ የካህናት አለቆች የደም ዋጋ በመሆኑ ወደ መባ መጨመር አልተፈቀደም አሉ። ብሩን የከፈሉት እነርሱ ራሳቸው ነበሩና የፍርዳቸው ግብዝነት ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ወደ እግዚአብሔር ቤት የማይገባ ገንዘብ መኖሩን እነርሱም ሊክዱት አልቻሉም።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ችግረኛን በመርዳት ስም የሚሰበሰብ ገንዘብ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ እንዳለበት ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከረጢቱን የሚይዘው ማን ነው? ስጦታው የተመዘነው በምንድን ነው? የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም እነዚህን ጥያቄዎች አልዘነጋችም። ሐዋርያት ለማዕድ አገልግሎት ሰባት ዲያቆናትን የመረጡት መበለቶች በዕለት አገልግሎት ተዘነጉ የሚል ቅሬታ በመነሣቱ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት ከእርሱ ጋር የሚሄዱ የተመረጡ ሰዎች እንዲኖሩ አድርጓል። ሐዋርያው ታማኝ ስላልነበረ አይደለም። ታማኝነት በሰው ፊትም መታየት እንዳለበት ስላወቀ ነው እንጂ።

በአገራችንም ይህ ሥርዓት መሠረት አለው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አማካይነት የአጥቢያቸውን ሀብት በጋራ እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። ከሃይማኖት ተቋማት ውጪ ያሉትን ድርጅቶች በተመለከተም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሕግ ግን ዝቅተኛውን ወሰን ያመለክታል እንጂ የእያንዳንዱን ቤት ሕሊና አይተካም።

በመሆኑም እያንዳንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅት የስጦታ መቀበያ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ደንቡ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል በግልጽ ይናገር። ከግፍ ወይም ከማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ ሲቀርብ ማን መርምሮ ማን እንደሚወስን ይጻፍ። ሰጪው በስጦታው ምትክ የሥራ ጨረታ፣ የዘመድ ቅጥር ወይም በችግረኞች ፊት ለራሱ ውዳሴ ቢጠይቅ መልሱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትና ሊለበስ የማይችል ልብስ ስጦታ ሳይሆን ሸክም ነውና፣ ይህንም በትሕትና የመመለስ ድፍረት ይኑር። ለሕፃናት ምግብ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሕንፃ ግንባታ እንዳይውል፣ ዓላማውን መለወጥ ግድ ቢሆን ሰጪው እንዲጠየቅ ይደንገግ።

ስጦታን መመለስ ለድሀ አገር የማይሆን ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የተራበ ሕፃን የብሩን ምንጭ አይጠይቅም ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ የተቀማ ከሆነ ባለቤቱ ሌላ የተራበ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ አንድ ድርጅት በሕዝብ ዘንድ ያለው ሀብት እምነት ነው፤ በአንድ ትልቅ ስጦታ የጠፋ እምነት የብዙ መበለቶችን ሁለት ሁለት ሳንቲም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ከሳክለር ቤተሰብ በጎ አድራጎት ሊሰጠው የነበረው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ እንዲቀር የተደረገው የቤተሰቡ ሀብት በአሜሪካ ብዙዎችን ለሱስና ለሞት ከዳረገ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሽያጭ ጋር በመያያዙ ነበር።

ወደ ሁለተኛው አደራ እንለፍ። ጌታ በተራራው ስብከቱ ምጽዋት በስውር እንዲሆን፣ ቀኝ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሯል። ይህ ትእዛዝ ለሰጪው ብቻ የተነገረ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሰጪው በስውር ሊሰጥ ቢፈልግ ተቀባዩ በድምፅ ማጉያ ካወጀበት ትእዛዙ እንዴት ይፈጸማል? ከሕዝብ መሰወር ማለት ከመዝገብ መሰወር ማለት አይደለም። ለሒሳብና ለሕግ ሲባል ደረሰኝ ይቆረጣል፤ መዝገቡም ስሙን ያውቀዋል። ስሙ ከመዝገቡ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ መወሰን ያለበት ግን ሰጪው ነው።

ዛሬ መዝገቡ በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፍቶ ሲያነብ፣ ስሙን ባይሰጥ እንኳ ከየትኛው መሣሪያ፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንደተመለከተ ሊመዘገብ ይችላል። ገንዘብ ሲልክ ደግሞ ስልኩና የባንክ ሒሳቡ ይታወቃል። የአእምሮ ሕመም ስላደረበት ወንድሟ እርዳታ የምትፈልግ እኅት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤቱን ለማንም ያልነገረ ወጣት፣ ስለዚሁ የሚያስረዳ ገጽ መክፈታቸው ራሱ ምስጢር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በእንስሳት ጥበቃና በልብ ሕክምና ምርምር የታወቁ ሁለት ታላላቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች 25,000 እና 18,000 ፓውንድ ተቀጥተዋል። ጥፋታቸው ለጋሾቻቸው ሳያውቁ የሀብታቸውን መጠን ማስጠናታቸውና መረጃቸውን ለሌሎች ማካፈላቸው ነበር። በጎ ዓላማ የሰውን ምስጢር ለመበርበር ፈቃድ እንደማይሆን ከዚህ እንማራለን።

በእኛም ዘንድ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብና ከዚያ ውጪ እንዳይውል ሥርዓት አበጅቷል። ስለዚህ ድርጅቱ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅ፤ የጠየቀውን ለምን እንደሆነ ይንገር፤ የሰጪዎችን ስም ዝርዝር አይሽጥ፣ አያውስም፤ ሥራው ሲያበቃም ያስወግደው። ይህንም ሁሉ ተራው ምእመን በሚገባው አማርኛ በድረ ገጹና በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያስነብብ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ግን የተረጂው ምስጢር ነው። በበዓል ዋዜማ አንዲት አረጋዊት እናት ዘይትና ዱቄት ታቅፈው ካሜራ ፊት እንዲቆሙ ሲደረግ ማየት የተለመደ ሆኗል። ምስሉ በየስልኩ ይዞራል። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የዕድር ጓደኞቻቸው ያዩታል። ሴትዮዋ ፈቅደዋል ይባላል። ለዘይቱ ተሰልፎ የቆመ ሰው እምቢ ማለት የሚችለው እንዴት ነው? ዛሬ በእንባ የተነሣ ሕፃንም ነገ አድጎ መሐንዲስ ወይም መምህር ይሆናል፤ ምስሉ ግን ከእርሱ ጋር አያድግም።

ፎቶግራፉ ከሌለ ስጦታችን መድረሱን በምን እናውቃለን የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ምስሉ የሚያሳየው የአንድ ቀን አንድ ጠርሙስ ዘይት ነው፤ የቀረው ገንዘብ የት እንደገባ አይናገርም። ይህን የሚናገረው በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ፣ የተፈረመ የርክክብ ሰነድና ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት የሆነ ዓመታዊ ዘገባ ነው። የችግረኛው ፊት የሒሳብ ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

የተረጂዎች መረጃ ከእጅ ሲወጣ የሚደርሰው ጉዳት ከሐፍረትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2022 በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጃ ቋት ላይ በደረሰ ጥቃት ከ515,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች መረጃ ተደፍሯል። ከእነርሱም መካከል በጦርነትና በስደት ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉና በእስር ላይ ያሉ ይገኙባቸዋል። ታላቅ ተቋም እንዲህ ከተደፈረ፣ የተረጂዎችን ዝርዝር በአንድ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ የሚያኖር ትንሽ ድርጅት ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

በ2013 ዓ.ም. ያረፉት የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ በሄዱበት ጊዜ በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የተጻፈ ደንብ አልነበራቸውም፤ ርኅራኄ ብቻ ነበራቸው። የበጎ ሥራ መጀመሪያው ይኸው ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲሰፋ፣ ሰጪው ሲበዛ፣ መሥራቹም ሲያልፍ ርኅራኄውን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፈው ሥርዓት ነው።

እንግዲህ በዚህ የትንሣኤ በዓል እጃችንን ለምጽዋት ስንዘረጋ ጥቂት ጥያቄዎችንም አብረን እናቅርብ። ደረሰኝ ትሰጣላችሁን? ሒሳባችሁን ማን መረመረው? ስጦታ የምትመልሱት መቼ ነው? ስሜን ለማን ትሰጣላችሁ? የምትረዷቸውን ሰዎች ፊት ታሳያላችሁን? ይህን መጠየቅ ለምጽዋት መሰሰት አይደለም። በደስታ የሚመልስ ድርጅት አደራውን ያወቀ ነው፤ በጥያቄው የሚቆጣ ድርጅት ካለ ግን ቢያንስ መልሱን እስኪያዘጋጅ ድረስ ልንታገሠው እንችላለን፤ እስከዚያው ድረስ የተቸገረ ጎረቤት በየደጃችን አለና።

በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የመተሳሰብ በዓል ይሁንልን።