ተከታይ ደንበኛ አይደለም

በዚህ ከተማ አንድ የማርኬቲንግ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር የሽያጭ አይደለም፤ የተከታይ ነው። «ፌስቡክ ላይ ይህን ያህል፣ ቲክቶክ ላይ ይህን ያህል፣ ቴሌግራም ላይ ይህን ያህል ደርሰናል» ይባላል። ይጨበጨባል። ስንት ካርቶን ሳሙና እንደተሸጠ፣ ስንት ሰው ተመልሶ እንደመጣ፣ ስንቱ ተበሳጭቶ እንደሄደ የሚጠይቅ ከተገኘ ዘመኑ ያልገባው ሽማግሌ ተደርጎ ይታያል።

እኔ ዛሬ ከሽማግሌው ጎን ነኝ።

አትሳሳቱ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ለነጋዴ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ይጠቅማል፤ ያውም በጣም። የኔ ጠብ የማርኬቲንግ ሰዎቻችን ከዚህ ሁሉ ነገር መርጠው የሚገዙት የማይጠቅመውን በመሆኑ ነው። ብዛት ይገዛሉ። ጥቅሙ ያለው ግን ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት መሆኑ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ በነጻ ቢሰጧቸውም አይፈልጉትም።

ለመሆኑ ስንት ነን?

ቁጥር ይወዳሉና ከቁጥር እንጀምር። ዳታሪፖርታል የተባለው ዓመታዊ ጥንቅር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ 7.05 ሚሊዮን የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ እንደነበረ አስፍሯል። ከሕዝቡ 5.5 በመቶ መሆኑ ነው። በቀላል አማርኛ፣ ከ18 ሰው አንዱ። ያውም አዘጋጆቹ ራሳቸው እንደሚያስጠነቅቁት እዚያ ላይ የተቆጠረው አካውንት እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ሰው ሁለትም ሦስትም አካውንት ይከፍታል፤ ሱቁም የራሱ አለው፤ የሌለ ሰውም አካውንት አለው።

«ከዚያ ወዲህ ጨምሯል» ትሉኝ ይሆናል። ይጨምር። እጥፍ ሆኗል ብለን ብናስብ እንኳ ከ9 ሰው አንዱ ነው። ስምንቱ የሉም። «ኢትዮጵያ ምን ትላለች?» ብሎ ኮሜንት የሚያነብ የማርኬቲንግ ኃላፊ ኢትዮጵያን አይደለም የሚያነበው። እኛን ነው። እኔን፣ አንተን፣ አንቺን፣ ካፌ ቁጭ ብለን ዋይፋይ የምንጠባውን። እኛ ደግሞ ድምፃችን ከቁጥራችን በላይ ነው፤ ስንጮህ ብዙ እንመስላለን።

ለማነጻጸር ያህል፦ ኢትዮ ቴሌኮም የ2016 በጀት ዓመትን ሲዘጋ ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር በዚያው ጊዜ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት ሆነ? ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ቀፎም ይሠራል፤ *127# ብሎ መደወል በቂ ነው። አገልግሎቱን የሠሩት ሰዎች ገዢው ያለበት ድረስ ወረዱለት። ገዢው እነሱ ያሉበት ድረስ እንዲመጣ አልጠበቁም። ከዚህ የሚማር ግን አላየሁም። የብስኩት፣ የዘይት፣ የሳሙና ድርጅት ሳይቀር የዓመቱን ሐሳብ ሁሉ ቲክቶክ ላይ አውሎ ይገባል። ብስኩቱን የሚገዛው ሕፃን እናቱ ሬዲዮ ከፍታ ወጥ ስትሠራ ነው የሚውለው።

አንድ ሁነኛ መከራከሪያ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። «የመግዛት አቅም ያለው እኮ ኢንተርኔት ላይ ያለው ነው» ይላሉ። ለአንዳንድ ዕቃ ልክ ናቸው። ስማርት ስልክ፣ ሽቶ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሠርግ አዳራሽ የሚሸጥ ሰው እኛ ጋ ይምጣ። አፓርታማ የሚሸጠውም ዋሽንግተንና ዱባይ ያለውን ወገናችንን በፌስቡክ ቢያሳድድ ያዋጣዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ የተረሳ ነገር አለ። በአማርኛ የሚጽፍ ገጽ ተከታዩ ሁሉ አዲስ አበባ አይደለም። አሜሪካ አለ፣ ጅዳ አለ፣ ቤይሩት አለ፣ ቴል አቪቭ አለ። ገርጂ ያለ በርገር ቤት በሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ላይክ ሲደሰት ከማየት በላይ የሚያሳዝን ነገር የለም። ሰውዬው በርገሩን ወዶታል። ለምሳ ግን አይመጣም።

ላም አለኝ በሰማይ

እሺ፣ ተከታዩ ሁሉ እዚሁ ከተማ ያለ እውነተኛ ሰው ነው እንበል። የለጠፋችሁትን ያየዋል? አያየውም።

ኦግልቪ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የፌስቡክ ገጾችን ፈትሾ ያገኘው ይህንን ነው፦ አንድ ገጽ ሳይከፍል የለጠፈው ነገር የሚደርሰው ከተከታዮቹ ለ6 በመቶው ገደማ ነበር። ከ500 ሺህ በላይ ተከታይ ላላቸው ትልልቅ ገጾች ደግሞ ወደ 2 በመቶ ወርዶ ነበር። አስሉት። ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ገጽ የለጠፈውን 10 ሺህ ሰው ያየዋል ማለት ነው። የቀረው 490 ሺህ ጌጥ ነው። ይህ ከአሥር ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው። ቲክቶክማ ከነጭራሹ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ሰው የሚያየውን በዋናነት የሚመርጥለት አልጎሪዝሙ ነው፣ ማንን እንደሚከተል ብዙም አይጨነቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ተከታዩ የተሰበሰበበት መንገድስ? «ላይክ፣ ሼር፣ አምስት ጓደኛ ታግ አድርገው ሞባይል ይሸለሙ!» ተብሎ የመጣ ሰው የመጣው ለሞባይሉ ነው። ሞባይሉ ለአንዱ ይደርሰዋል፤ ሌላው አኩርፎ ይቀራል። በቀጣዩ ስብሰባ ግን ያኮረፉት ሁሉ «ማኅበረሰባችን» ተብለው ይቀርባሉ።

ውጭ አገር ያሉት ትልልቆቹ ከዚህ ከነቁ ቆይተዋል። ፌስቡክ ሰዎች ቪዲዮ የሚያዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አብዝቶ ሲናገር እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2016 አምኗል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ከስሰውት በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ፓንቴንንና ኤሪያልን የሚሠራው ፒ ኤንድ ጂ በ2017 በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዲጂታል ማስታወቂያ ወጪ ቀነሰ፤ ሽያጩ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰበትም። ዩኒሊቨር በ2018 ተከታይ ከሚገዙ ኢንፍሉዌንሰሮች ጋር እንደማይሠራ በይፋ ተናገረ። እነዚህ ዓለምን ሳሙና ያለበሱ ድርጅቶች ናቸው። እነሱ ሂሳቡን ሲመረምሩ የኛዎቹ አሁንም ስክሪን ሾት ይሰበስባሉ።

ደንበኛ ማለት

አማርኛችን አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። መርካቶ ሂዱ። ገዢዋ ሻጩን «ደንበኛዬ» ትለዋለች። ሻጩም እሷን «ደንበኛዬ» ይላታል። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው። ደንበኝነት አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ነገር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ዱቤ አለበት፣ «ነገ አምጪው» አለበት፣ «ይሄ ለአንቺ አይሆንም፣ ሌላ ላሳይሽ» አለበት። ጨው የሆነ ወሬም አለበት። ሻጩ ቢያታልላት ነገ እዚያው እንደምታገኘው ያውቃል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁን ድርጅት እንደ መርካቶ ነጋዴ ፊት ለፊት ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። እነሱ ግን ሜጋፎን አደረጉት። የየትኛውንም ትልቅ ድርጅት ገጽ ክፈቱ። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ሰኞ «መልካም የሥራ ሳምንት» አለ። ከሥሩ ኮሜንቱን አንብቡ፦ «አፑ አይሠራም»፣ «ብሬ ተቆርጦ አልደረሰም»፣ «ስልክ አታነሱም»፣ «ከአንድ ወር በፊት የጻፍኩት ምን ደረሰ?» መልስ የለም። ያ ሁሉ ብሶት ግን በወሩ መጨረሻ «ኢንጌጅመንት» ተብሎ ተቆጥሮ ለአለቃ ይቀርባል! ሰው ሲሳደብም ቁጥር ይጨምራል፤ ስለዚህ ተሳክቷል።

ሌላው በሽታ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው። ጫማው ተለጥፏል፤ ዋጋው የለም። ሃምሳ ሰው «ስንት ነው?» ይላል፤ ለሃምሳውም «ኢንቦክስ» ይባላል። ለምን? አንዱ ምክንያት ሰው እያዩ ዋጋ ለመጥራት ነው። ሌላው ጥያቄው ራሱ ኮሜንት ስለሚያበዛ ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱቅ ውስጥ የሚያስቀጣ ነገር ስልክ ላይ ሲሆን «ስትራቴጂ» ይባላል።

ነገሩ የገባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ ቢሮ የላቸውም እንጂ። ቴሌግራም ላይ ጫማ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡት ወጣቶች ናቸው። ፎቶ፣ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ ቦታ፤ አለቀ። ማታ አራት ሰዓት ብትጽፉ ይመልሳሉ። «በሞተር እንልካለን፣ አይተው ይክፈሉ» ይላሉ። ካልሆነ ይቀይራሉ። ተከታያቸው ሦስት ሺህ ቢሆን ነው፤ ከሦስት ሺው ግን ብዙው ደንበኛ ነው። የማርኬቲንግ ኃላፊው ለሥልጠና ውጭ አገር ከሚሄድ ከነዚህ ልጆች ጋር አንድ ሳምንት ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

በሰው ወርቅ አይደምቁም

ለነዚህ ልጆችም ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ የቆሙበት መሬት የራሳቸው አይደለም።

ሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ገደማ፣ በቪፒኤን ካልሆነ አይከፈቱም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆየ። ባሕር ዳርና ጎንደር ሆና በቴሌግራም ቀሚስ ትሸጥ የነበረችን ልጅ አስቧት። ሱቋ አልተቃጠለም፣ ዕቃዋ አልተዘረፈም፤ ደንበኞቿ ግን በአንድ ሌሊት ጠፉ። የደንበኞቿን ስልክ በደብተር ጽፋ የያዘች ደውላ ሸጠች። ያልጻፈች ጠበቀች።

መዝጋቱ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ የሰው እንጀራ መዝጋት ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ግን እዚህ አገር የሚነግድ ሰው ይህን እያወቀ ደብተር ሳይዝ መቀመጥ የለበትም። ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ ከአንድ ሺህ የስልክ ቁጥር አይበልጥም።

ለእኛ ምን አገባን?

ብዙ ያገባናል። አንደኛ፣ ያ ሁሉ ወጪ የሚከፈለው ከሳሙናው ዋጋ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ወደ ብዛት ሲሄድ ብዛት የሚያመጣው ነገር ይበቅላል። ብዛት የሚያመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በላይቭ መሰዳደብ፣ የውሸት ጸብ፣ የሰው ገመና፣ መንገድ ላይ እናቶችን እያስደነገጡ መሳቅ። ሰዳቢውን የሚመግበው ስፖንሰሩ ነው። «እኛ እኮ ተከታዩን አይተን ነው» ማለት ሰበብ አይሆንም። ተከታዩን ስታዩ ስድቡን አላያችሁም?

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። እኛ ከ18 አንዳችን የተጮኸልን ስንሆን አሥራ ሰባቱ እንደሌሉ እየተቆጠሩ ነው። ዕቃ የሚሠራው በእኛ አስተያየት፣ ዋጋ የሚተመነው በእኛ ኪስ፣ ቅሬታ የሚሰማው (ከተሰማ) በእኛ ኮሜንት። የአዳማዋ ጉልት ነጋዴ፣ የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ፣ የአርሲው ገበሬ ገበያ ውስጥ አሉ፤ በፕሮጀክተሩ ላይ ግን የሉም።

ስለዚህ የማርኬቲንግ ወዳጆቼ፣ ከተከታይ በፊት ሦስት ቁጥር አምጡ። በዚህ ወር ስንት ሰው ጠይቆ በስንት ሰዓት መለሳችሁ? ስንቱ ተመልሶ ገዛ? የስንቱ ስልክ በእጃችሁ አለ? ዋጋችሁን ደግሞ ለጥፉ፤ አታፍሩበት።

እኛም እንደ ተከታይ ሳይሆን እንደ ደንበኛ እንሁን። «ኢንቦክስ» ካሉን አልፈን እንሂድ። የማይመልስ ገጽ ላይክ አይገባውም። የምንከተለውን ትተን ብንሄድ ማንም አይደነግጥም፤ መግዛት ስናቆም ግን ይደውሉልናል።