«ምቱ ደካማ ነው» ለምትሉት ልጅ 100 ምት መጨመር መድኃኒት አይደለም



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ዓይነት ሰሞኑን በዝቷል። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እዚሁ ዓለም ባንክ ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይጫወታል። ሩጫው ጥሩ ነው፣ ምቱ ግን ኃይል የለውም። ማታ ማታ ግድግዳ ላይ 100 ጊዜ አስመታዋለሁ። አሁን ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ምን ቫይታሚን ልስጠው?»

የጎደለው ቫይታሚን አይደለም። ዛሬ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፦ የልጅ ምት የሚሻሻለው አመታቱን በማስተካከል እንጂ ብዛቱን በመጨመር አይደለም። የሚያመው ልጅ ላይ ምት መጨመር ደግሞ ጭራሽ ልምምድ አይባልም፣ ጉዳት ነው። ይህንን የምለው ለወላጅም ለአሰልጣኝም ነው።

📌 የምት ኃይል ከየት ነው የሚመጣው?

ብዙዎቻችን ከጭን ጡንቻ ብቻ ይመስለናል። እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልምድ ያለው ሰው በክንዱ አይፈልጥም። እግሩን ተክሎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ መጨረሻ ላይ ነው መጥረቢያው የሚወርደው። በገና ጨዋታ ዱላውን የሚሰነዝረውም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦች ሴት ልጆቻችሁን ሶፍትቦል ስታጫውቱ የምታዩት ነገር ነው፦ ጎበዟ ልጅ መጀመሪያ የፊት እግሯ መሬት ይረግጣል፣ ከዚያ ዳሌዋ ይዞራል፣ ከዚያ ደረቷ፣ እጇና ዱላው የሚመጡት በመጨረሻ ነው።

እግር ኳስም ያው ነው። ኃይሉ ከመሬት ይነሳና በቋሚው እግር፣ በዳሌ፣ በጭን አልፎ እግር ጫፍ ይደርሳል። አንዱ ጋ ከተቋረጠ ልጁ የጎደለውን ለመሙላት ጉልበቱን ብቻ ይወነጭፋል። ያን ጊዜ ምቱም ይደክማል፣ ጉልበቱም ይታመማል። ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አንድ ሥር ነው ያላቸው።

📌 አመታቱን እንዴት ላስተካክልለት?

አምስት ነገር ተመልከቱ። በስልካችሁ ከጎን በኩል ቀስ ብሎ በሚታይ ቪዲዮ ቅረጹት፣ በደንብ ይታያችኋል።

1. አቀራረብ፦ ወደ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ትንሽ ከጎን ይምጣ። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ልጅ ዳሌውን የሚያዞርበት ቦታ አያገኝም። የመጨረሻዋ እርምጃ ከሌሎቹ ረዘም ትበል።

2. ቋሚ እግር፦ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። የማይመታው እግር ከኳሱ ጎን ይረፍ፣ ጣቱ ወደ ዒላማው ይይ፣ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ። እግሩ ከኳሱ ኋላ ከቀረ ልጁ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ ኳሱም ወደ ሰማይ ይሄዳል።

3. ዳሌና ተቃራኒ እጅ፦ በቀኝ የሚመታ ከሆነ ግራ እጁ ወደ ጎን ይከፈት። እጁን ከጎኑ ያጣበቀ ልጅ ዳሌው አይዞርም።

4. ቁርጭምጭሚት፦ ጣቱ ወደ ታች፣ ቁርጭምጭሚቱ የጠነከረ ይሁን። ኳሱን የሚያገኘው የጫማው ክር በሚታሰርበት ጠንካራ አጥንት ነው እንጂ በጣት ጫፍ አይደለም። የላላ ቁርጭምጭሚት ኃይሉን ይበላዋል።

5. ማስከተል፦ ከመታ በኋላ እግሩ በአንዴ አይቁም። ወደ ፊት ይሂድና በዚያው በመታበት እግር ይረፍ። ድንገት የሚቆም እግር ጡንቻና ጅማት ላይ ጫና ያመጣል።

በአንድ ቀን አምስቱንም አትንገሩት፣ ይደናገራል። ለአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ። ኖራ ወይም ጠመኔ ይዛችሁ ቋሚው እግር የሚያርፍበትን ቦታ መሬት ላይ አስምሩለት፣ በግማሽ ኃይል ይምታ። ጥርሱን ሲቦርሽ በአንድ እግር ይቁም። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ቋሚ እግሩን የምታጠነክረው እሷ ናት።

📌 ታዲያ ለምን ያመዋል?

የልጅ አጥንት የትልቅ ሰው አጥንት ትንሹ አይደለም። በአጥንቱ ጫፍ አካባቢ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ጡንቻው ጠንክሮ ሲጎትት ትልቅ ሰው ላይ ጅማቱ ይጎዳል፣ ልጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው ይሄ ለስላሳ ክፍል ነው።

ከጉልበት ሎሚ በታች አጥንቱ አበጥ ብሎ፣ ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ኦስጉድ ሽላተር የምንለው ሊሆን ይችላል። ስሙ ከአሜሪካዊው ኦስጉድና ከስዊሱ ሽላተር የመጣ ነው፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው የጻፉት። ተረከዙ ላይ ከሆነ ደግሞ ሴቨር ይባላል። ሁለቱም በዚህ ዕድሜ ሯጭና ዘላይ ልጆች ላይ የተለመዱ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም እድገት ሲያበቃ ይጠፋሉ። አትደንግጡ። ግን ችላም አትበሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሴቶች 12፣ ወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ቁመታቸው በፍጥነት ይመዘዛል። እግሩ ረዝሟል፣ አእምሮው ግን አዲሱን እግር ገና አልለመደውም። ትናንት ጥሩ ይመታ የነበረ ልጅ ድንገት ኳሱን ይስታል፣ ይደናቀፋል። «ይሄ ልጅ ተበላሸ» ተብሎ ከቡድን የሚቀነሰው በዚህ ጊዜ ነው። አልተበላሸም፣ እያደገ ነው። ወራት ስጡት፣ ይመለሳል። በአንጻሩ ቀድሞ ያደገው ልጅ በጉልበቱ ብቻ ጎል ያገባል፣ አመታቱን የሚያርመው ሰው አያገኝም። ሌሎቹ ሲደርሱበት ግራ ይገባዋል። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ይህንን አስቡበት።

📌 እንዳታደርጉ የምለምናችሁ

❌ ያበጠውን ጉልበት አታሳሹ፣ አታስጎትቱ። ወጌሻ ጋ ሮጦ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው፣ ነገር ግን የተቆጣ የእድገት ክፍል ሲታሽ ይብስበታል።

❌ ከጨዋታ በፊት ዲክሎፌናክ ወግቶ ወይም አስውጦ ማሰለፍ በፍጹም! ሕመም የሰውነት ደወል ነው። ደወሉን ዘግታችሁ ልጁን ወደ እሳቱ አትላኩት።

❌ በትልቅ ሰው ኳስ አታስለማምዱ። 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው 4 ቁጥር ነው፣ ከዚያ በታች 3 ቁጥር። ከባድ ኳስ አመታትን ያበላሻል፣ ልጁ ኳሱን ለማንሳት ሲል ወደ ኋላ መንጋለል ይለምዳል።

✅ ካመመው በሙሉ ኃይል መምታቱንና ዝላዩን ይቀንስ፤ ሕመሙ ከበረታ ጥቂት ሳምንት ያቁም። ሳያመው መራመድና ቀለል ያለ ቅብብል ይችላል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙለት። የፊት ጭኑን ጡንቻ ቀስ ብሎ ያፍታታ። ፊዚዮቴራፒስት ካገኛችሁ በጣም ጥሩ።

🚨 እነዚህ ካሉ ግን ቤት አትቆዩ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት፦ ማነከስ፣ እግሩን መርገጥ አለመቻል፣ ሲመታ ዳሌው አካባቢ «ቋ» ብሎ የጀመረ ሕመም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ የወገብ ሕመም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ ዕድሜ ችግሩ ዳሌ ላይ ሆኖ ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። የጉልበት ራጅ «ደህና ነው» ቢባልም ልጁ እያነከሰ ከሆነ «ዳሌውንም ይዩልኝ» በሉ። መብታችሁ ነው።

📌 «እኛ ድሮ በጨርቅ ኳስ ተጫውተን ምን ሆንን?»

ይሄ እንደሚመጣ አውቃለሁ 😊 ጥሩ ጥያቄም ነው። በካልሲና በጨርቅ የተሠራችው ኳስ ቀላል ነበረች። ደክሞን ስንቀመጥ የሚቆጣን አልነበረም። አንድ ቀን ኳስ፣ አንድ ቀን ሌባና ፖሊስ፣ አንድ ቀን ሩጫ እንጫወት ነበር። እናት ስትጣራ ጨዋታው ያልቃል። ያ ራሱ ሳናውቀው ጥሩ ልምምድ ነበር፣ ሰውነታችን በብዙ መንገድ ይሠራ ነበርና። የዛሬው ልጅ ግን ጠዋት ፕሮጀክት፣ ከሰዓት የትምህርት ቤት ቡድን፣ ማታ ከአባቱ ጋር ግድግዳ! ያውም አንዱን ምት፣ በአንዱ እግር፣ እየደጋገመ። ልዩነቱ እሱ ነው።

አሜሪካኖች በልጆች ቤዝቦል ይህንን ከተረዱ ቆይተዋል። በሊትል ሊግ ሕግ ኳስ ወርዋሪው ልጅ 9 ወይም 10 ዓመቱ ከሆነ በቀን 75 ውርወራ፣ 11 ወይም 12 ከሆነ 85 ይፈቀድለታል። ከዚያ በላይ አሰልጣኙ ቢፈልግም፣ አባቱ ቢለምንም አይሆንም። ለምን? የልጅ ክንድ የሚቆጥርለት ሰው ስለሚያስፈልገው። የኛ ልጆች እግርስ? ጎሉን እንቆጥራለን፣ ምቱን ግን ማንም አይቆጥርም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ አሰልጣኝም ወላጅም በሙሉ ኃይል የሚመታውን ይቁጠር። ቋሚ እግሩ መዛነፍ ሲጀምር፣ ኳሱ መብረር ሲጀምር፣ በቃ፣ የዕለቱ ምት አልቋል። ልጁ ደክሞ የሚመታው ምት ስህተቱን ነው የሚያስለምደው። በሳምንት ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ቀን ከኳስ ይረፍ። የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ደግሞ ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ ይመከራል፣ የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት በላይ አይሠልጥን።

ለማሟሟቂያ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለልጆች የተዘጋጀው ፊፋ 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 7 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው የሚወስደው። በ4 የአውሮፓ አገሮች 3,895 ልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት ጉዳትን በ48 በመቶ ቀንሷል። ማሽን አይጠይቅም። ኮብልስቶን ላይ ባይሆን ይመረጣል እንጂ፣ ሜዳችን ላይም፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥም ይሠራል።

የመጨረሻው ቃሌ ለአባቶችና ለእናቶች ነው። ልጃችሁ ሕመሙን ሊደብቃችሁ ይችላል። ከቡድን እንዳይወጣ ይፈራል፣ እናንተን እንዳያሳዝን ይፈራል። ስለዚህ ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ከማለታችሁ በፊት «የት ጋ ያምሃል?» በሉት። ሳትቆጡ ጠይቁት፣ እውነቱን ይነግራችኋል።

ፕሮጀክት ላይ ልጅ ላለው ወዳጃችሁና ለሰፈራችሁ አሰልጣኝ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ የልጁን ዕድሜ፣ የሚያመውን ቦታና ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ።

መልካም ጤንነት ለልጆቻችን! 🙏