ታመምኩ ማለት የማይችለው አብራሪ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ ጥፋቱን የሚጥለው በታማሚው ላይ ነው። ግን ታማሚው «አመመኝ» ባለበት ቀን ሥራውን የሚያጣ ከሆነስ? ያን ጊዜ ደባቂው ማን ነው፣ እሱ ወይስ አፉን ያስያዘው ሥርዓት? እጅግ ከፍ ብለው የሚበሩ የጦር አብራሪዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው።

በመንገደኞች አውሮፕላን የተጓዘ ሰው ነገሩን በትንሹ ያውቀዋል። አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ላይ ሲበር የውስጡ አየር ግን ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ይያዛል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የሰፈሩ አየር ነው። የጦር አውሮፕላን ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካው ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከ21 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ከ19 ሺህ ሜትር ገደማ ጀምሮ የአየሩ ግፊት በጣም ከማነሱ የተነሳ ውኃ በሰው ገላ ሙቀት ይፈላል። አብራሪው የጠፈርተኛ የሚመስል የግፊት ልብስ የሚለብሰው ለዚህ ነው። ልብሱ ግን የሚነፋው የአብራሪው ክፍል ግፊት ድንገት ሲጠፋ ነው። በሌላው ጊዜ ሰውነቱ የሚያገኘው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ያም ለአሥርተ ዓመታት 8,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጋር እኩል ነበር። በሌላ አነጋገር አብራሪው ለሰዓታት የሚቀመጠው ኤቨረስት ጫፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

«ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍስ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይተነፍሳል። ችግሩ ግን ኦክስጅን ብቻ አይደለም። በደማችንና በሥጋችን ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን አለ። ግፊቱ ሲቀንስ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ፣ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ያማል። ወደ አንጎል ሲደርስ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሐሳብ ያምታታል። አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል ንጹሕ ኦክስጅን የሚስቡት ናይትሮጅኑን አስቀድሞ ለማስወጣት ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ የነበረ አንድ የዩ-2 አብራሪ በዚህ ሕመም አእምሮው ተምታቶ፣ አውሮፕላኑን ማሳረፍ የቻለው በመከራ ነው።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት የዩ-2 አብራሪዎችና ጡረተኞች ስማቸው ሳይጠቀስ ተጠየቁ። ከመለሱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ በአገልግሎት ዘመናቸው በበረራ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተሰምቷቸው እንደሚያውቅ ተናገሩ። ይህን ያህል ሰው የሚያውቀው ሕመም በስም የለሽ መጠይቅ መውጣቱ ሊገርም አይገባም። አብራሪ የበረራ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚይዘው ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ የመብረር ፈቃዱንም ይዞ ነው። ሐኪሙ በአንድ ፊርማ መሬት ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

«ምልክት ካልተሰማው ምን ቸገረው?» የሚለውን ደግሞ ሳይንሱ ዘግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች የ102 የዩ-2 አብራሪዎችን አንጎል በኤምአርአይ አንስተው አብራሪ ካልሆኑ 91 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በአንጎል ነጭ ክፍል ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጠባሳዎች በአብራሪዎቹ ላይ በቁጥር ሦስት እጥፍ፣ በመጠን አራት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ውጤቱ የሕመም ምልክት ተሰምቷቸው በሚያውቁትም ሆነ በማያውቁት ላይ አንድ ዓይነት ነበር። በተከታዩ ዓመት የወጣው ጥናት ደግሞ እነዚህ አብራሪዎች በማስታወስና በማስላት ፈተናዎች፣ ለእንዲህ ያለ ከፍታ በተደጋጋሚ ካልተጋለጡ አብራሪዎች ዝቅ ያለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳየ።

ታዲያ መፍትሔ አልነበረም? ነበር። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የዩ-2 የአብራሪ ክፍል ተጠናክሮ ግፊቱ ወደ 4,500 ሜትር ገደማ ወረደ። አብራሪው ከኤቨረስት ጫፍ ወደ ራስ ደጀን ጫፍ ወረደ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ከተሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ! ብረቱ ሊስተካከል ይችል ነበር፤ የጎደለው የሰውየው ሕመም እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ነው።

ለመናገር የደፈረስ ምን ይገጥመዋል? የኤፍ-22 ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 አንድ ኤፍ-22 አላስካ ውስጥ ሲበር የኦክስጅን አቅርቦቱ ተቋርጦ ተከሰከሰ፤ አብራሪው ሞተ። የአየር ኃይሉ መርማሪ ቦርድ ጥፋቱን በሟቹ ላይ ጣለ። በ2013 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ድምዳሜው በራሱ በሪፖርቱ ማስረጃ እንደማይደገፍ ጻፈ። በመካከሉ፣ በ2012፣ ሁለት የኤፍ-22 አብራሪዎች አውሮፕላኑ ትንፋሽ እያሳጣቸው መሆኑን በቴሌቪዥን ወጥተው ተናገሩ። በዚያው ዓመት አየር ኃይሉ ከምክንያቶቹ አንዱ በማይገባው ጊዜ እየተነፋ ደረታቸውን የሚጫነው ሰደርያ መሆኑን አመነ። አብራሪዎቹ ትክክል ነበሩ።

በሌላው ወገን ያለው ክርክር ቀላል አይደለም። ያልተሟላ ጤና ያለው ሰው በብዙ ሚሊዮን ዶላር አውሮፕላን ሰማይ ላይ መውጣት የለበትም። ራሱን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውንም ያጠፋል። ጥብቅ የሕክምና መመዘኛ የግድ ነው። ግን ጥብቅነቱ እውነትን ካስደበቀ ራሱን በላ ማለት ነው፤ የታመመው አብራሪ እንደታመመ ይበራል፣ ሐኪሙ ደግሞ ጤነኛ መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ማንም አልተጠበቀም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሕመሙን ራሱ ያመለከተ አብራሪ እስኪድን ከበረራ ቢታገድም ማዕረጉና ደመወዙ አይነኩበት። ሁለተኛ፣ መመርመር ያለበት አመመኝ ያለው ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ከፍታ የወጣ ሁሉ ነው፤ የ2013ቱ ምስሎች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፣ የማስረዳት ሸክሙ ይገልበጥ። ጡረታ የወጣ አብራሪ አንጎሉን በሥራ ምክንያት እንደጎዳ በራሱ ወጪ ሊያስረዳ አይገባም። ላኪው መሥሪያ ቤት ጉዳቱ ከሥራው እንዳልመጣ ያስረዳ።

መንግሥት አብራሪውን ወደ ሰማይ ሲልክ እያንዳንዷን የአውሮፕላን ብሎን ቆጥሮ፣ ሰዓቷን መዝግቦ፣ ጊዜዋ ሲደርስ ይቀይራታል። ብሎኗ «ደክሞኛል» ስላላለች አይተዋትም። ሰውየው ከብሎን አያንስም።