የጣት ጫፍ

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት ጉንጯ ሻከረ። እናቴ «ምች ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ብላ ዳማከሴ አሸች። ጎረቤታችን ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ደግሞ ምንነቱን እንኳ ሳይነግረኝ አንድ ቱቦ ሸጠልኝ። በሦስት ቀን ጥርግ አለ! ሳንደሰት ብሶ ተመለሰ።

ሐኪሟ ቱቦውን አገላብጣ አየችና «ክሎቤታሶል እኮ ነው፤ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ብርቱው። ለሕፃን ፊት?» አለችኝ። በሽታው ችፌ ነበር። መጻሕፍቱ «ቀይ ሽፍታ» ይሉታል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር፣ ግራጫ ቢጤ ስለሚሆን ለዓይን ያታልላል።

እኔም እንደ ደንጋጭ አባት ስቴሮይድ የሚባል በደጄ አይለፍ አልኩ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ለስላሳውን ሃይድሮኮርቲዞን እንኳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጅቷ ሌሊት እስክትደማ ታክካለች፤ እጇ ላይ ካልሲ አጥልቀን እናስተኛት ነበር። አገራችን በዚህ ቅባት ነገር ሁለት ጽንፍ ላይ ናት፦ አንዱ ለማድያትና ለፊት ማቅያ በየቀኑ ይለቀለቀዋል፣ ሌላው ለታመመ ልጁ ይነፍጋል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ «ጣትዎን ይስጡኝ» ብላ ከሌባ ጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ቅባቱን ዘርግታ አወጣች። «ይኼ ለሁለት መዳፍዎ ስፋት ይበቃል።» ግማሽ ግራም ገደማ መሆኑ ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቁት ብሪታንያ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ሚዛን አያሻው፣ ማንኪያ አያሻው።

ከዚያ በኋላ ጥናቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። የወደድኳቸው ስለ አዲስና ውድ መድኃኒት የሚያወሩትን አይደለም፤ ወላጅ የሚጠይቀውን ተራ ጥያቄ የጠየቁትን ነው። በቀን ስንት ጊዜ ልቀባ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ እንደሚለው ብርቱዎቹን ስቴሮይዶች በቀን አንዴ መቀባት ሁለቴ ከመቀባት አያንስም። ቆዳ አያሳሳም? በዚያው ግምገማ፣ ይህን ከመዘገቡ 22 ጥናቶች ውስጥ ከነበሩ 2266 ሰዎች ቆዳቸው የሳሳው 26 ብቻ ናቸው፤ የሚበዙትም ብርቱውን የተጠቀሙ። እርግጥ ጥናቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ለዓመታት ፊቱን የሚቀባውን ሰው አይመለከቱም።

የቆዳ ማለስለሻውስ ነገር? በእንግሊዝ 550 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄል ወይም እንደ ቫዝሊን ያለ ወፍራም ቅባት ተሰጣቸው። አራቱም እኩል ወጡ። ይህን ሳነብ ከውጭ በዘመድ ያስመጣሁት የሎሽን ጠርሙስ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ 482 ልጆችን ይዞ፣ በመታጠቢያ ውኃ ላይ የሚጨመር ቅባት የረባ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። እንዲህ ያለ ጥናት ለመድኃኒት ፋብሪካ አያተርፍም፤ የመንግሥት ገንዘብ ባይኖር ማንም አይሠራውም ነበር።

ልጄ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ችፌው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ሲመጣ «አባዬ፣ ጣትህን» ትለኛለች።

እናንተም መድኃኒት ቤት ስትገቡ የቅባቱን ስምና ብርታቱን ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።