ያቺ ቢጫ መስመር

ይቺ ጽሑፍ በተለይ ወረኢሉ ላይ ኮምፒውተር ላስተማርኳችሁና ዛሬ እናንተም መምህር፣ የቢሮ ባለሙያ ለሆናችሁ ናት።

አንድ ነገር አጥፍቼ አስተምሬያችኋለሁ። ኤክሴል ስትከፍቱ ከላይ ቢጫ መስመር ሲመጣ «ቲቸር፣ ምን እናድርገው?» ትሉኝ ነበር። መልሴም «ኢነብል ኮንቴንት የሚለውን ተጫኑት፣ አለዚያ አይሠራም» ነበር። በቃ።

ሰሞኑን ከእናንተው አንዱ ደወለልኝ። የሮስተር ፋይል በፍላሽ ደርሶታል። «ቢጫው መጥቷል፣ ልጫነው አይደል?» አለኝ። ማን እንደሠራው ስጠይቀው አያውቅም፤ ጓደኛው ከደሴ ነው ያመጣለት። እሱ ሲጠይቀኝ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ማክሮ ማለት ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ስትጫኑት ደረጃ ብቻ አያወጣም፤ ፋይል መሰረዝም፣ ከኢንተርኔት ሌላ ነገር ማውረድም ይችላል። በ1988 ዓ.ም. የተገኘው ላሩ የሚባለው የኤክሴል ቫይረስ ኤክሴል ሲነሳ አብሮ በሚከፈት ፋይል ውስጥ ራሱን ይደብቅና ከዚያ በኋላ የምትከፍቱትን ሁሉ ይበክል ነበር። አንድ ኮምፒውተር ለስንት መምህር እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሁሉም ክፍል ውጤት እዚያው ነው ያለው።

«ማይክሮሶፍት ዘግቶታል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ላይ ማክሮን ከመነሻው መከልከል ጀምሯል። ግን ከኢንተርኔት መምጣቱን የሚናገረው ምልክት ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ሲቀዳ ይጠፋል። የእኛ ፋይል ደግሞ በምን እንደሚዞር አልነግራችሁም! ኦፊስ 2007 እና 2010ማ ይህን ክልከላ ጭራሽ አያውቁትም።

ሮስተሩን የሠራውን ሰው እየወቀስኩ አይደለም። ሌሊት ተቀምጦ ስንቱን መምህር ከካልኩሌተር ገላግሏል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ድምር፣ አማካይና ደረጃ በተራ ፎርሙላ ይወጣሉ፤ ማክሮ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ፋይል ሲሰጧችሁ በኤክስኤልኤስኤክስ የተቀመጠውን ጠይቁ፤ እሱ ማክሮ አይዝም። የድሮው ኤክስኤልኤስ ግን ይይዛል፣ አትሸወዱ።

ለደወለልኝ ልጅ «አትጫነው» ብዬ የደረጃውን ፎርሙላ በስልክ አጻፍኩት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ ካርዴም አለቀ።

ከዚህ የተሻለ አሠራር ያላችሁ ኮመንት ላይ አካፍሉን። ፋይሉን ሳይሆን ፎርሙላውን ጻፉልኝ፣ አደራ።